ከጎደለው ተነሥቶ መመስከር



ባለፈው ወር በውይይት ሰዓታችን አንድ ወንድማችን ተነሥቶ «የሳይንስ ሊቃውንት እንኳ ጨለማ ቁስ የሚባል የማይታይ ነገር አለ እያሉ ያስተምራሉ፤ እንግዲህ በማይታየው በማመናችን የሚነቅፈን ማነው?» ሲል ተናገረ፡፡ ወዲያው ሌላው ወንድማችን እጁን አውጥቶ «ከምድር በታች ትልቅ መሣሪያ ቀብረው፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ገንዘብ አፍስሰው፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላገኙትም፤ ድካማቸው ከንቱ ነው» ብሎ መለሰ፡፡ ለሁለቱም ተጨበጨበ፡፡ እኔ ግን ለአንዱም አላጨበጨብሁም፡፡ ሰዓቱ አልቆ ስለ ነበር ምክንያቴን ለመናገር አልቻልሁም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ላቀርበው ወሰንሁ፡፡

የጥያቄው ሥር እንዲህ ነው ብዬ አስባለሁ፡፡ አንድ ነገር መጉደሉን አየን እንበል፡፡ የወሰደውን ግን አላየንም፡፡ «ያላየነው አንድ ወሳጅ አለ» ብለን ለመመስከር የሚፈቀድልን መቼ ነው? ይህ የፊዚክስ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ እኔ ራሴ በዚሁ በክፍላችን ውስጥ ተፈትኜ የወደቅሁበት ጥያቄ ነው፡፡

ከጥቂት ዓመታት በፊት የክፍላችን የሒሳብ መዝገብ በእኔ እጅ ነበር፡፡ የገንዘብ ሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ በዕድሜ ከእኔ አንድ ዓመት በሚያንስ ወንድም ዘንድ ነበር፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፡፡ በወሩ መጨረሻ ሣጥኑን ከፍተን ብንቆጥር መዝገቡ 6,400 ብር ሲል በሣጥኑ የተገኘው 5,550 ብር ሆነ፡፡ 850 ብር ጎደለ፡፡ ደግመን ቆጠርን፤ ያው ነው፡፡ «ሌባ» የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም፡፡ ነገር ግን ቁልፍ ያዡ ሲገባ ወሬያችንን ማቋረጥ ጀመርን፡፡ በሣጥኑም ላይ ሁለተኛ ጓጉንቸር ጨመርንበት፡፡ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ መምጣቱን ተወ፤ መቅረቱንም እንደ ተጨማሪ ማስረጃ ቆጠርነው፡፡ ነገሩ ወዴት እንደ ደረሰ በኋላ እመለስበታለሁ፡፡

አሁን ወደ ሰማዩ ጉድለት እንሂድ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሪትዝ ዝዊኪ የተባለ፣ በካሊፎርኒያ ይሠራ የነበረ ስዊሳዊ ሊቅ፣ ኮማ በተባለው የሰማይ ክፍል ተሰብስበው የሚታዩትን ብዙ ጋላክሲዎች ፍጥነት መረመረ፡፡ ጋላክሲ ማለት እንደ ፀሐያችን ያሉ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት በስበት ኃይል ተያይዘው የሚኖሩበት ስብስብ ነው፡፡ እነዚያ ጋላክሲዎች እጅግ ይፈጥኑ ነበር፡፡ በውስጣቸው ያለው የሚያበራው ቁስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስበቱ ሊይዛቸው ስለማይችል ከረጅም ጊዜ በፊት ተበታትነው በጠፉ ነበር፡፡ ዝዊኪም የማይታይ ቁስ መኖር አለበት ሲል ጻፈ፡፡ ለብዙ ዓመታት ያህል ግን ብዙ ሰሚ አላገኘም፡፡

እ.ኤ.አ. በ1970 ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ አንድሮሜዳ የተባለችው ጎረቤታችን ጋላክሲ እንዴት እንደምትዞር ለክተው አሳተሙ፡፡ የነገሩን አስገራሚነት ለመረዳት ፀሐይን የሚዞሩትን ፈለኮች ማሰብ ይበቃል፡፡ መሬት በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ በሩቅ ያለችው ኔፕቲዩን ግን ከአምስት ኪሎ ሜትር ተኩል አታልፍም፤ የፀሐይ ስበት በርቀት ስለሚደክም የራቀው ዝግ ይላል፡፡ በአንድሮሜዳ ዳር ያሉት ግን ዝግ አላሉም፡፡ ከመካከሉ ርቀውም እንደ ቅርቦቹ ይፈጥናሉ፡፡ ሩቢንና ባልደረቦቿ በተከታዮቹ ዓመታት ሌሎችን ጋላክሲዎች ሲለኩ እዚያም ያንኑ አገኙ፡፡ ኋላም ፕላንክ የተባለው ሳተላይት የጥንቱን የሰማይ ጨረር ለክቶ ባስገኘው ሒሳብ መሠረት፣ እኛ የምናውቀው ቁስ፣ ማለት አፈሩም ውኃውም ሥጋችንም ከዋክብቱም፣ ከጽንፈ ዓለሙ ይዘት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነው፡፡ ጨለማ ቁስ የተባለው ከመቶ 27 ገደማ ነው፡፡ የቀረው ጨለማ ኃይል የሚባል ሌላ እንቆቅልሽ ስለሆነ አሁን አንነካውም፡፡

(እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ቃል ልበል፡፡ «ጨለማ» ሲባል የሰሙ አንዳንድ እኅቶች ነገሩን ከክፉ ጋራ አያይዘውት ነበር፡፡ ስሙ ባይመረጥለት ይሻል ነበር እንጂ ቁሱ ጥላሸት እንኳ አይደለም፡፡ ጥላሸት ብርሃንን ይከለክላል፤ ይህ ግን ብርሃንን አይሰጥም፣ አይውጥም፣ አያግድም፡፡ ከመስተዋት ይልቅ የጠራ ነው፡፡)

እንግዲህ ይህ ቁስ ከምን የተሠራ ነው? ብዙዎቹ ሊቃውንት ገና ካልታወቀ ቅንጣት የተሠራ ሊሆን ይችላል ይላሉ፡፡ ቅንጣት ከሆነና ከሚታወቀው ቁስ ጋራ ጥቂት እንኳ ግንኙነት ካለው፣ የሚታወቁትን ቅንጣቶች በኃይል በማጋጨት ሊፈጠር ይችላል፤ ከግጭቱ ኃይል አዲስ ቁስ ሊወጣ እንደሚችል ከአንስታይን ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነውና፡፡ ይህ ፍለጋ በዋነኛነት የሚካሄደው በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር፣ በጄኔቭ ከተማ አጠገብ፣ ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ነው፡፡ ከምድር በታች 100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ ዋሻ አለ፡፡ በውስጡ ፕሮቶኖች በሁለት አቅጣጫ ወደ ብርሃን ፍጥነት እስኪቃረቡ ድረስ ይነዳሉ፤ የሚመሯቸውም ማግኔቶች ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዘው ነው፡፡ በአራት ቦታ ያጋጯቸዋል፡፡ ከግጭቱ ቦታዎች በአንዱ አትላስ የተባለው መመልከቻ አለ፤ 46 ሜትር ይረዝማል፣ ቁመቱ 25 ሜትር፣ ክብደቱ 7,000 ቶን ነው፡፡ በሌላው ደግሞ ሲኤምኤስ የተባለው አለ፤ በመጠን ያንሳል እንጂ ክብደቱ 14,000 ቶን ነው፡፡ የፕሮቶን ጭፍሮች በሰከንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ፤ ከዚያ ሁሉ ተመርጦ የሚመዘገበው ጥቂት ሺህ ያህሉ ብቻ ነው፡፡

ታዲያ ጨለማ ቁስ በግጭቱ ቢፈጠር ይህ ሁሉ ብረትና ሽቦ አያየውም፡፡ ምንም ሳይነካ በግድግዳው አልፎ ይሄዳል፡፡ እንዴት ይታወቃል ታዲያ? መልሱ፣ በጉድለት ነው፡፡

የሸክላ ድስት ከእጃችን አምልጦ ቀጥ ብሎ ወለል ላይ ቢወድቅ ስብርባሪው ወደ ዙሪያው ሁሉ ይፈናጠራል፡፡ ገብተን ብናይና ስብርባሪው በሙሉ በአንድ ወገን ብቻ ተከምሮ በሌላው ወገን አንዲት ገል እንኳ ብናጣ፣ «ከዚህ በኩል የነበረውን ያነሣው አለ» እንላለን፡፡ ፕሮቶኖቹም ሲጋጩ በፊትና በኋላ እንጂ ወደ ጎን የሚገፋ ሞመንተም የላቸውም፤ ሞመንተም ማለት የሚንቀሳቀስ ነገር ይዞት የሚሄደው ግፊት ነው፡፡ ስለሆነም ከግጭቱ በኋላ ወደ ጎን የወጣው ሁሉ ቢደመር ግራው ከቀኝ፣ ላዩ ከታች ተጣፍቶ ዜሮ መምጣት አለበት፡፡ ዜሮ ካልመጣ የጎደለ አለ፡፡ በአንድ ወገን ብርቱ የቅንጣቶች ፍንጣቂ ወጥቶ በትይዩው ወገን ባዶ ከሆነ፣ በዚያ በባዶው በኩል አንድ የማይታይ ነገር አምልጧል ማለት ነው፡፡ የሚፈልጉት ይህን የመሰለውን ምልክት ነው፡፡

እስከዚህ ድረስ ያለው እኛ በሣጥኑ ላይ ያደረግነው ነው፡፡ መዝገቡን ከተገኘው ጋራ አስተያየን፤ ጎደለ፡፡ ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው፡፡ እውነቱን ለመናገር እኔን ያሳፈረኝም ይኸው ክፍል ነው፡፡

ጎድሎ የተገኘው ሁሉ ጨለማ ቁስ አይደለም፡፡ ሳይታይ የሚያመልጥ ሌላ የታወቀ ቅንጣት አለ፤ ኒውትሪኖ ይባላል፡፡ የእርሱም ታሪክ ከጉድለት የጀመረ ነው፡፡ በአንዳንድ የአተም እምብርት ለውጦች ኃይል የጎደለ መስሎ ስለ ታየ፣ ቮልፍጋንግ ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1930 «የማናየው ቀላል ቅንጣት ይዞት ይሄድ ይሆናል» ሲል ሐሳብ አቀረበ፡፡ ሬይንስና ካዋን የተባሉ አሜሪካውያን ራሱን ቅንጣቱን በመሣሪያ ያገኙት ግን እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፡፡ 26 ዓመት ቆየ፡፡ አሁን በሰርን ግጭት ውስጥ ዜድ የተባለው ቅንጣት ሲፈጠር ከአምስት አንድ ጊዜ ያህል ወደ ሁለት ኒውትሪኖዎች ይለወጣል፡፡ በዚያን ጊዜ በአንድ ወገን ፍንጣቂ፣ በሌላው ወገን ባዶ ይታያል፡፡ ከጨለማ ቁስ ምልክት ጋራ ቁርጥ አንድ ነው፤ አንዱን ግጭት ብቻውን አይቶ ለመለየት የሚችል የለም፡፡

ስለዚህ ምን ያደርጋሉ? ዜድ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሚዎን ወደሚባሉ ሁለት የሚታዩ ቅንጣቶች ይለወጣል፤ የሁለቱ መንገዶች ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ በትክክል ይታወቃል፡፡ የሚታዩትን ይቆጥሩና ከእነርሱ ተነሥተው የማይታዩት ስንት ሊሆኑ እንደሚገባ ያሰላሉ፡፡ ከዚያም ወደ ራሳቸው መሣሪያ ይዞራሉ፡፡ የተበላሸ ክፍል ኖሮ ይሆን ያላየነው? ፍንጣቂውን አሳንሰን ለክተነው ይሆን? ከሰማይ የወረደ ቅንጣት ገብቶ ሒሳቡን አዛብቶት ይሆን? የታወቀው ወጪ ሁሉ አንድ በአንድ ይጻፋል፤ የእያንዳንዱ ስሕተት መጠንም በአጠገቡ ይጻፋል፡፡ ይህ ሥራ ዓመታት ይወስዳል፡፡

ከዚህም ይልቅ እኔን የነካኝ ሌላ ልማድ አላቸው፡፡ በብዙዎቹ ፍለጋዎች ምልክቱ ሊገኝበት የሚችለውን የመረጃ ክፍል ሸፍነው ያስቀምጡታል፡፡ የወጪው ሒሳብ ተሠርቶ፣ ተመርምሮ፣ ባልደረቦቻቸው አምነውበት እስኪጸድቅ ድረስ አይከፍቱትም፡፡ ለምን ቢባል፣ ጉድለቱን አስቀድሞ ያየ ሰው ሒሳቡን ወደሚወደው መልስ እንዲያዘነብል ልቡ ይጎትተዋልና፡፡ ተንኮለኛ መሆን አያስፈልገውም፤ የሚመኘውን ማወቁ ብቻ ይበቃል፡፡ እኛ ግን መጀመሪያ ጉድለቱን አየን፣ ቀጥሎ የልጁን ፊት አየን፣ ወጪውን መመርመር ደግሞ ከነአካቴው ረሳነው፡፡

አባቶች «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይላሉ፡፡ ልብ ብላችሁ ከሆነ ተረቱ ገንፎውን እንድንጠረጥር ነው የሚመክረው፤ አብሳይዋን አላለም፡፡

እነዚህ ሰዎች አይሳሳቱም ማለቴ እንዳይመስላችሁ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1984 በዚያው በሰርን፣ በቀድሞው መሣሪያ ይሠራ የነበረው ዩኤ1 የተባለ ቡድን በአንድ ወገን ፍንጣቂ፣ በሌላው ባዶ የሆኑ ጥቂት ግጭቶችን አገኘሁ ብሎ አሳተመ፡፡ ቡድኑ በቀደመው ዓመት በዚሁ በጉድለት መንገድ ደብልዩ የተባለውን ቅንጣት አግኝቶ ነበርና ቢደመጥ ተገቢ ነው፡፡ ብዙዎች አዲስ የቁስ ዓይነት ተገኘ ብለው ተስፋ አደረጉ፡፡ ኋላ ሲመረመር ግን አንድ ትልቅ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ብዙ ትናንሽ የታወቁ ነገሮች ነበሩ፡፡ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ኢምንት ነው፤ ሲደመሩ ግን ጉድለቱን ሞሉት፡፡ እንደገናም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. አትላስና ሲኤምኤስ በሌላ ፍለጋ፣ ጥንድ ጥንድ በሆኑ የብርሃን ቅንጣቶች መዝገብ ላይ ያልተጠበቀ ጉብታ አዩ፡፡ በጥቂት ወራት ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያብራሩ በመቶ የሚቆጠሩ ጽሑፎች ተጻፉ፡፡ ጨለማ ቁስን የሚያስገኝ በር ነው ያሉም ነበሩ፡፡ በነሐሴ 2016 የበለጠ መረጃ ተሰብስቦ ሲታይ ጉብታው ጠፋ፡፡ ሳንቲም ወርውሮ ስድስት ጊዜ በተከታታይ አንበሳ እንደሚወጣለት ሰው፣ የአጋጣሚ ነገር ኖሯል፡፡ ሁለቱም ቡድኖች በቺካጎ በተደረገው ጉባኤ በአደባባይ «የለም» ብለው ተናገሩ፡፡ በብዙ ሺህ ሰው ፊት ሲጠበቅ የነበረን ነገር የለም ማለት ቀላል አይደለም፡፡ እኔ 850 ብር ላይ ማለት አቅቶኛል፡፡

እስከ አሁን በታወጁት ውጤቶች በሰርን ጨለማ ቁስ አልተገኘም፡፡ የባዶው ወገን ቁጥር ከታወቀው ወጪ ጋራ ተስማምቷል፡፡ ይህን ነው ሁለተኛው ወንድማችን «ከንቱ» ያለው፡፡ ነገር ግን «አላገኘሁም» የሚሉት እንዲሁ በባዶ እጅ አይደለም፤ እስከ የት ድረስ ፈልገው እንዳጡት ወሰኑን ያስቀምጣሉ፡፡ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 የተገኘው ሂግስ የተባለው ቅንጣት ወደማይታይ ነገር ቢለወጥ እንኳ ይህ የሚሆነው ከመቶ 11 ጊዜ ገደማ ከሚበልጥ እንደማይሆን የአትላስ ቡድን አሳይቷል፡፡ ቤት ውስጥ የጠፋ ዕቃ የሚፈልግ ሰው «ጓዳውን ፈትሼአለሁ፣ ቆጡን አልፈተሽሁም» ቢል ቀጥሎ የሚፈልገው ሰው ድካም ይቀንሳል፡፡ «የለም» ብሎ ብቻ ቢወጣ ግን ወይ ሰነፍ ነው ወይ ዋሽቷል፡፡

ወደ መጀመሪያው ወንድማችን ልመለስ፤ ከእርሱ ጋራ ያለኝ ጠብ የበለጠ ነው፡፡ ጉድለትን አይቶ የማይታየውን መጥራት አንድ ጊዜ እውነት፣ አንድ ጊዜ ስሕተት ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል ኡርበን ለ ቨርዬ የተባለው ፈረንሳዊ በራሱ ሕይወት አይቶታል፡፡ ኡራኑስ የተባለችው ፈለክ ከሒሳቧ መንገድ ስትወጣ አይቶ «የምትስባት ያልታየች ፈለክ አለች» አለ፤ ቦታዋንም አሰላ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1846 በበርሊን መነጽራቸውን ወደዚያ ቢያዞሩ ኔፕቲዩን በዚያች ሌሊት ተገኘች፡፡ በ1859 ደግሞ ሜርኩሪ ከሒሳቧ ስትዛነፍ አይቶ በዚያው አስተሳሰብ «በፀሐይ አጠገብ ሌላ ፈለክ አለች» አለ፡፡ ስምም ወጣላት፤ ቩልካን ተባለች፡፡ አየናት የሚሉም ተገኙ፡፡ ቩልካን ግን የለችም፡፡ ሰውየው ያንኑ ብርቱ ሒሳብ፣ ያንኑ ቅን ልብ ይዞ ነበር፤ የተሳሳተው የስበት ሕጉ ራሱ ሙሉ ስላልነበረ ነው፡፡ ይህን አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 እስኪያሳይ ድረስ 56 ዓመት አለፈ፡፡ ለ ቨርዬ በሕይወት አልደረሰበትም፡፡

ጨለማ ቁስ ኔፕቲዩን ይሁን ቩልካን ገና አልተቆረጠም፡፡ ብዙው ማስረጃ ወደ መኖሩ ያደላል፤ ነገር ግን ሞርዴሃይ ሚልግሮም የተባለው እስራኤላዊ እ.ኤ.አ. በ1983 የሚጎድለው ቁስ ሳይሆን ሕጉ ነው ሲል ያቀረበውን ሐሳብ እስከ ዛሬ የሚከራከሩለት አሉ፡፡ እንዲያውም ነገ በሰርን አንድ አዲስ የማይታይ ቅንጣት ቢገኝ ያ ራሱ ጨለማ ቁስ ነው ማለት አይችሉም፡፡ ቅንጣቱ ከመመልከቻው እስኪወጣ ድረስ፣ ማለት ከሰከንድ እጅግ ኢምንት ለሆነ ክፍል፣ መቆየቱ ብቻ ነው የሚታወቀው፤ የሰማዩ ቁስ ግን 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የቆየ መሆን አለበት፡፡ ለዚህ በጥልቅ ዋሻዎች ውስጥ ተቀብረው ከሰማይ የሚመጣውን የሚጠብቁ ሌሎች መሣሪያዎች ምስክርነት ያስፈልጋል፡፡ ሊቃውንቱ እንግዲህ የሚያደርጉት፣ ሊሸነፍ የሚችል ነገር ማቅረብና ለመሸነፍ መዘጋጀት ነው፡፡ ወንድማችን እምነቱን በዚህ ላይ ቢያስደግፍ፣ ሒሳቡ የተለወጠ ዕለት ምን ሊለን ነው? የእነርሱ የማይታይና የእርሱ የማይታይ በስም እንጂ በነገር አይገናኙም፡፡

አሁን ስለ ሣጥኑ፡፡ ከሁለት ወር በኋላ የመዝሙር ደብተሬን ስገልጥ ከሽፋኑ ኪስ አንድ ወረቀት ወደቀ፡፡ የከበሮውን ቆዳ ያስጠገንንበት ደረሰኝ ነው፤ 850 ብር፡፡ የከፈልሁት እኔ፣ የፈረምሁት እኔ፣ በመዝገቡ ላይ ሳልጽፈው የቀረሁትም እኔ ነኝ፡፡

ያንኑ ዕለት ወደ ልጁ ቤት ሄድሁ፡፡ እናቱ ምንም አልሰሙ ኖሮ «ግባ ልጄ፣ ምነው ጠፋህ?» ብለው ተቀበሉኝና ቡና ሊያፈሉ ተነሡ፡፡ ደረሰኙን ለልጁ ሰጠሁት፡፡ ነገሩን ሁሉ ነገርሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት፡፡ ወረቀቱን ግራ ቀኝ አገላብጦ አየውና መልሶ በእጄ አስቀመጠው፡፡

«ደረሰኙ ባይገኝ ኖሮስ?» አለኝ፡፡

መልስ አልነበረኝም፤ ቡናው እስኪቀርብ ድረስ ዝም ብለን ተቀመጥን፡፡ በሦስተኛው እሑድ ተመልሶ መጣ፤ ቁልፉን ግን አልቀበልም አለ፡፡ በሣጥኑ ላይ የጨመርነው ሁለተኛው ጓጉንቸር እስከ ዛሬ እንደ ተንጠለጠለ ነው፡፡ በሚቀጥለው ስብሰባችን እንዲነሣ ሐሳብ አቀርባለሁ፡፡